ከበሩ ማዶ የሰማሁት ክራር

ውድ እህቴ፣

ይህን ዓምድ የምታነበው ባለቤቴ ናት። ማታ ማታ ለእኔም ታነብልኛለች። ዛሬ ግን የምጽፍልዎ እሷ ሳታውቅ ነው።

ዕድሜዬ 51 ነው። ተወልጄ ያደግኩት ሐዋሳ ነው። አባቴ መናኸሪያ አካባቢ ሻይ ቤት ነበረው። ሻይ ቤቱ ውስጥ አንድ ትልቅ ቴፕ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ብርጭቆ አጥባለሁ፤ ጆሮዬ ግን ቴፑ ላይ ነው። ጥላሁን ገሠሠን የሰማሁት እዚያ ነው። ማሕሙድ አሕመድንም፣ ብዙነሽ በቀለንም እንዲሁ። ግጥሙ ሳይገባኝ ሆዴ ይባባ ነበር። ምን ማለት ነው ብዬ አባቴን ስጠይቀው "ስታድግ ይገባሃል" ይለኛል።

ሳድግ ሙዚቃ ቤት ከፈትኩ። 1986 ዓ.ም. ነበር። ካሴት እሸጣለሁ፣ እቀዳለሁም። ሰው የዘፈን ዝርዝር በወረቀት ጽፎ ያመጣልኛል። እኔ ምርጥ ምርጡን በባዶ ካሴት እቀዳለታለሁ። ለፍቅረኛው የሚሰጥ አለ፣ ለረጅም መንገድ የሚፈልግ ሾፌር አለ፣ ለሠርግ የሚያስቀዳ አለ። ኋላ ሲዲ መጣ። ቀጥሎ ፍላሽ፣ ከዚያ ሚሞሪ ካርድ። በ2003 ዓ.ም. ዘጋሁ። አሁን እዚያው ሱቅ ውስጥ የስልክ ከቨር፣ ቻርጀርና ኢርፎን እሸጣለሁ። እንጀራ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የተረፉኝ 400 ያህል ካሴቶች ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ በካርቶን ተቀምጠዋል። ባለቤቴ ክፍሏን አጽድተን ለኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች እናከራያት ትላለች። ልጃችን 11ኛ ክፍል ደርሳለች፣ ወጪው በዝቷል። "ካላነሳሃቸው ለቆራሌ ነው የምሰጣቸው" ብላኛለች። እውነቷን ነው። ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ዋናው ጭንቀቴ ልጄ ናት። አንድ ልጄ ናት። ትንሽ ሳለች አጠገቤ ቁጭ ብላ በቢክ እስክሪብቶ ካሴት ታጠነጥንልኝ ነበር። አሁን ቀኑን ሙሉ ኢርፎን ከጆሮዋ አይወርድም። የምትሰማው ድም ድም ብቻ ይመስለኛል። ከሦስት ሳምንት በፊት እሑድ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቧል። ስልኳን ከስፒከር ጋር አገናኘችና "አባዬ፣ ይህን ስማው" አለችኝ። ገና ሳይጀምር "ይሄ ደግሞ ዘፈን ነው? የጄኔሬተር ጩኸት! እናንተ ልጆች ዘፈን መች ታውቃላችሁ" አልኳት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ስልኳን አንስታ ገባች። ከዚያ ወዲህ ከ"አቤት" እና ከ"እሺ" ሌላ ቃል አልሰማሁባትም።

ባለፈው ሐሙስ ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። በሯ አጠገብ ሳልፍ ክራር ሰማሁ። ከሥሩ ያ የምጠላው ድምድምታ አለ። ግን ክራሩ አላሳልፍ አለኝ። አጭር ነገር ነው፣ ስድስት ሰባት ሰከንድ ቢሆን ነው። ያልቅና ደግሞ ከመጀመሪያው። ደግሞ። ብዙ እንዲህ ቆየ። እኔም ጨለማው ውስጥ ቆምኩ። ልንገርዎትና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ላንኳኳ ፈለግኩ፣ አፈርኩ። ወደ መኝታዬ ሄድኩ።

በዚያው ሳምንት አንዱ ካርቶን ተከፍቶ የአስናቀች ወርቁን ካሴት ከነሽፋኑ ሳይሆን ለብቻው አገኘሁት። ባለቤቴን ተቆጣኋት። አልነካሁም አለች።

ልጄን በምን አፌ ላናግራት? ደግሞስ ያን ነገር መውደዴ ጥላሁንን የከዳሁ ያህል የሚከብደኝ ለምንድን ነው?

የካሴት ሰው፣ ከሐዋሳ


ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለ ካሴቶቹ መሰለኝ። ሁለተኛ ሳነበው ስለ ልጅዎ ሆነብኝ። በሦስተኛው ላይ "ያልቅና ደግሞ ከመጀመሪያው" ያሏት ነገር ያዘችኝ።

እስቲ አብረን እናስባት። ዘፈን የሚሰማ ሰው እስከ መጨረሻው ይሰማል። ከወደደው ዘፈኑን ይደግመዋል። ስድስት ሰከንድ ቆርጦ፣ እሷኑ ደጋግሞ የሚያሽከረክር ሰው ግን እየሠራ ነው። የዛሬ ልጆች በስልካቸው ሙዚቃ ያቀናብራሉ። ከአንድ ቦታ ትንሽ ድምፅ ይቆርጣሉ፣ እንዲዞር ያደርጉታል፣ ከሥሩ ከበሮና ቤዝ ያስገባሉ። ሉፕ ይሉታል። ከበሮው ከክራሩ ጋር ልክ እስኪገጥም ሃምሳ ጊዜ ይሰሙታል። እርስዎ ጨለማ ውስጥ ቆመው የሰሙት ይህን ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ ያን የተከፈተ ካርቶን ያስቡት። አስናቀች ወርቁ ተዋናይትም ክራር ደርዳሪም ነበሩ። ክራር ያለበት ካሴት ነው ከሽፋኑ የወጣው። ባለቤትዎ አልነካሁም ካሉ፣ ቤት ውስጥ የቀረው ማን ነው?

እርግጠኛ ነኝ አልልዎትም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን እሑድ "አባዬ፣ ይህን ስማው" ያለችዎ ዘፈን የማን ነበር? ከዚያ ወዲህ ጠይቀዋታል? የራሷ ሥራ ቢሆንስ?

ይህን የምጽፈው ጥፋትዎን ለማክበድ አይደለም። እርስዎ ራስዎን በበቂ ሁኔታ ወቅሰዋል። ግን የራሷ ሥራ ከሆነ ዝምታዋ ሌላ ትርጉም አለው። የተናቀው የምትወደው ዘፋኝ ቢሆን ኖሮ በሁለት ቀን ይረሳ ነበር። የራስን ሥራ መጀመሪያ ለሚያምኑት ሰው አሳይቶ፣ ጎረቤት ፊት መሳቂያ መሆን ግን ቶሎ አይሽርም። ደግሞም ልብ ይበሉ፦ ያን ቀን ጓደኞቿ ዘንድ አልሄደችም። ወደ እርስዎ ነው የመጣችው። በዚህ ቤት ሙዚቃ የሚያውቀው ሰው አባቷ እንደሆነ ስለምታውቅ ነው።

አሁን ስለ ቁጣዎ ላንሳ። ለዘፈኑ ገና ጆሮ ሳይሰጡት ነው "የጄኔሬተር ጩኸት" ያሉት። ስለዚህ ያስቆጣዎት ዘፈኑ አይመስለኝም። ያላዩትን ሰው መጥላት እንደማይቻል ያልሰሙትንም ዘፈን መጥላት አይቻልም። እኔ ስልኩ ይመስለኛል። ሙዚቃ ቤትዎን ያዘጋው እሱ ነው። ሰው ዝርዝር በወረቀት ጽፎ ወደ እርስዎ መምጣቱን ያስቀረው እሱ ነው። ዛሬ ደግሞ የእንጀራዎ ምንጭ እሱ ነው፤ በየቀኑ ከቨር ያለብሱታል። ማታ ቤትዎ ሲገቡ ያው ስልክ የልጅዎን ሁለት ጆሮ ይዞ ይጠብቅዎታል። ይህ ለማንም ሰው ይከብዳል።

ሱቁን የዘጉ ቀን ምን አደረጉ? ደብዳቤዎ ላይ "ዘጋሁ" ብለው አለፉት። ለ17 ዓመት የሰውን ጆሮ ሲያውቁ ኖረዋል። ማን የትኛውን ዘፈን እንደሚወድ፣ ማን ተጣልቶ ማን እንደታረቀ ከሚያስቀዳው ዘፈን ይገባዎት ነበር። ያ ሥራ ሲያልቅ ማን "አይዞህ" አለዎት? ምናልባት ያ ሐዘን ሳይለቀስ ቀርቶ ይሆናል። ካርቶኖቹን እጅዎ የማያነሳቸውም ለዚህ ይመስለኛል። ባለቤትዎ ይህን ያውቃሉ? ነግረዋቸው ያውቃሉ? ቆራሌ ያሉት በእልህ ይሆናል፣ ወይም ካርቶኖቹ ለእርስዎ ምን እንደሆኑ ስላልገባቸው ይሆናል።

ጥላሁንን የከዳሁ መሰለኝ ላሉት ደግሞ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ይህ ጥያቄ የእኔም ስለሆነ ነው።

እኔ ያደግኩት ናዝሬት ነው፣ የዛሬው አዳማ። መጀመሪያ የወደድኩት ሙዚቃ በገና ነው። በዐቢይ ጾም ሬዲዮው በገና ያሰማል። አሥሩ አውታሮች ሲንዘሩ ያላቸው ያ ንዝረት፣ ንብ ቀፎው ውስጥ የገባ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ሥራዋን ትታ ምድጃው ዳር ቁጭ ትላለች። እናቴ ካረፈች በኋላ ለብዙ ዓመት ሌላ ነገር መስማት አልፈለግኩም። አዲስ ነገር ከወደድኩ ያ ምድጃ ዳር የነበረው ጊዜ የሚጠፋብኝ ይመስለኝ ነበር።

አምና የእህቴ ልጅ በግድ በሚባል ሁኔታ አንድ የፒያኖ ሥራ አሰማችኝ። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነበር። ልጅ ሳሉ ስዊዘርላንድ ሄደው ቫዮሊን የተማሩ፣ ኋላ የመነኮሱ፣ በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ያረፉ እናት ናቸው። ስማቸውን እሰማ ነበር፣ ሥራቸውን ግን ተቀምጬ ሰምቼ አላውቅም። ፒያኖ የፈረንጅ ነው ብዬ ነው የማስበው። እጃቸው ግን እኛው አገር ነው የሚሄደው። የቤተ ክርስቲያን ዜማ አለበት፣ ትዝታ አለበት። ሰምቼ ስጨርስ ምን እንዳደረግኩ ልንገርዎት? የቆየውን የበገና ቅጂ ከመሳቢያ አውጥቼ አዳመጥኩ። ያን ቀን በገናውን ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ሁኔታ ሰማሁት። ድምፅና ድምፅ መሃል ያለችው ዝምታ የታወቀችኝ በፒያኖው ምክንያት ነው። አዲሱ አሮጌውን መልሶ ሰጠኝ። እርስዎም ከበሩ ማዶ ቆመው የአባትዎን ሻይ ቤት ሳያስታውሱ አልቀሩም።

ደግሞ እርስዎ እንደኔ ሩቅ አይደሉም፤ ይህን ታሪክ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። የጥላሁንን ድምፅ የሚያጅበው ሳክስፎንና ትራምፔት ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አይተው፣ የነፋስ መሣሪያ ሲጫወቱ ወደዷቸውና አዲስ አበባ አመጧቸው። አርባ ልጆች የሚባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ ስንቱን የአገራችንን ሙዚቀኛ አሠልጥነዋል። ከዚያ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ መጣ፣ ጥላሁንና ማሕሙድ መጡ። ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን ድረስ ሄዶ ተምሮ ቫይብራፎን የሚባለውን በዱላ የሚመታ የብረት መሣሪያ ከእኛ ቅኝት ጋር አጋባ። ማሲንቆ ለለመደ ጆሮ ያ ሁሉ ነሐስ ምን ይመስል እንደነበር ያስቡት። ያኔ "ይሄ ደግሞ ዘፈን ነው?" ያለ አባት አልነበረም ብለው ያምናሉ?

ልጅዎም የምትሠራው ያንኑ ነው። መሣሪያው ተለወጠ፣ ቅኝቱ አልተለወጠም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ እነዚህ አራቱ በክራርም በፒያኖም በስልክም ያው ናቸው። እንባዎን ያመጣው ቅኝቱ ይመስለኛል። ጆሮዎ አልከዳም፤ የሚያውቀውን ቤት ለይቶ ገባ።

አንድ ነገር ግን አልደብቅዎትም። የመጀመሪያውን ያህል የሚሆን ላይኖር ይችላል። ስለ ሰው ትውስታ ያጠኑ ሰዎች የሚሉት አለ፤ በአሥራዎቹ ዕድሜና በሃያዎቹ መጀመሪያ የሰማነው ሙዚቃ ከሌላው ሁሉ ጠልቆ ይቀራል። ልብ ገና ለስላሳ ሳለ የገባ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዘፈን ከሻይ ቤቱ ቴፕ ጋር ካወዳደሩት ሁልጊዜ ይሸነፋል። አያወዳድሩት። ለብቻው ይስሙት፣ ደጋግመው ይስሙት። ሱቅዎ ውስጥ ደርሶብዎት ይሆናል። አንድ ደንበኛ አዲስ ካሴት ገዝቶ "ይሄ አልጣመኝም" ብሎ ይመልሳል። በሳምንቱ ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ ሰምቶት ሰምቶት ተመልሶ "ያን ካሴት ስጠኝ" ይላል። ጆሮ ልምድ ይፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ይቅርታው ነው።

በእኛ አገር አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ብዙ አላየንም። የእርስዎም አባት ጠይቀውዎት እንደሆነ እንጃ። ስለዚህ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ረጅም ንግግር አያዘጋጁ። ረጅም ከሆነ ወደ ምክር ይዞራል፤ "እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ" ይመጣል። አጭር ይሁን። በሯን ያንኳኩና "የዚያን ቀን ሰው ፊት ያልኩሽ ልክ አልነበረም። ሳልሰማው ነው የተናገርኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ" ይበሏት። ከዚያ ዝም ይበሉ። ብታለቅስም፣ ትከሻዋን ነቅነቅ ብታደርግም፣ "ችግር የለም" ብላ ብታባርርዎትም ይቀበሏት። ለመታረቅ አያስቸኩሏት። ሦስት ሳምንት የቆየ ነገር በአንድ ምሽት ላይፈታ ይችላል።

ሐሙስ ማታ ከበሩ ማዶ መቆምዎን ይንገሯት። ይህን አይተዉት። አፈርኩ ብለዋል፤ ያንኑ ይንገሯት። "የሰማሁትን ወድጄዋለሁ" ሲሏት ግን እውነት የሆነውን ብቻ ይናገሩ። ክራሩን ወደዋል፣ ድምድምታውን ገና አልለመዱትም። እንዲያው ይበሏት። ሙዚቃ የሚሠራ ልጅ ማባበልን ከሩቅ ያውቃል። "ክራሩ አስለቀሰኝ፣ ከበሮው ግን ትንሽ በላው" ቢሏት ከመቶ ሙገሳ ይልቅ ደስ ሊላት ይችላል። አሥራ ሰባት ዓመት ካሴት የቀዳ ጆሮ አለዎት፤ ትሰማዎታለች።

ነገሩ የተነገረው ጎረቤት ፊት ነው። ክፍሏ ውስጥ ብቻ ይቅር ቢባል ግማሹ ይቀራል። ስለዚህ አንድ እሑድ ቡና ላይ፣ ያው ሰዎች ባሉበት፣ እሷ ከፈቀደች ብቻ፣ "ያን ቀን ሳልሰማ ያሾፍኩበትን ዛሬ እንስማው" ይበሉ። ካልፈቀደች ግን አያሰሙ። እሷ በሌለችበትም ቢሆን ለጎረቤቶቹ "ልጄ ሙዚቃ ትሠራለች፣ ያኔ እኔ ነኝ ያጠፋሁት" ማለት ይችላሉ። ወሬው ይደርሳታል። ሐዋሳ ሰፈር ውስጥ ወሬ ሳይደርስ አይቀርም።

የካሴቱን ጉዳይ በተመለከተ ባለቤትዎ ትክክል ናቸው። ክፍሏ ትከራይ። ኪራዩ ለልጅዎ ትምህርት ነው። ደግሞም ሰርቪስ ቤቱ ቆርቆሮ ከሆነ ካሴቶቹን እየገደላቸው ነው። ሙቀትና እርጥበት የካሴት ጠላት ናቸው። ዋናው ቤት ውስጥ ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ ያስገቧቸው። መጽሐፍ እንደሚደረደር አቁመው ይደርድሯቸው። ስፒከር አጠገብ አያስቀምጡ፣ ውስጡ ማግኔት አለው።

ግን 400 ካሴት ዋናው ቤት አይችልም። መምረጥ አለብዎት። እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ትዝ ይለኛል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮንና ኪቦርድ የተጫወተበት ካሴት ነበረው። እሱ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ይኖር ነበር። አንድ የአሜሪካ የካሴት አፍቃሪ ባሕር ዳር ላይ ያን ካሴት አገኘና እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ኮንሰርት አሳየ። እንደ እርስዎ ያለ ሰው ጠብቆ ያቆየው አንድ ካሴት ነው ይህን ያደረገው። ስለዚህ ለቆራሌ የሚሰጥ ካሴት የለም። የሚሰጥ ካለ ለሚሰበስብ ሰው፣ ወይም ሻይ ቤቱ ውስጥ አሁንም ቴፕ ለሚያጫውት ሰው ይስጡ።

ለራስዎ የሚያስቀሩትን ሲመርጡ ታዋቂዎቹን አያስቀድሙ። የጥላሁንና የማሕሙድ ሥራዎች በየስልኩ አሉ። የማይገኙት ሌሎች ናቸው። እዚሁ ሐዋሳ የተቀዱ የሲዳምኛ ዘፈኖች ካሉዎት እነሱን ያስቀድሙ። የሠርግ ቅጂ፣ የፍቼ ጫምባላላ ጭፈራ የተቀዳበት፣ ዓረብ አገር ላለ ዘመድ ሊላክ ተቀድቶ ሳይላክ የቀረ የድምፅ ደብዳቤ፤ እነዚህ ከጠፉ ጠፉ ነው። የአባትዎ ሻይ ቤት ጫጫታ ከኋላ የሚሰማበት ካሴት ይኖርዎት ይሆን? ካለ እሱ አንደኛ ነው።

ከዚያ ወደ ኮምፒዩተር ይገልበጧቸው። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የሚሠራ ቴፕ፣ የኢርፎን ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ ገመድ፣ ድምፅ መቀበል የሚችል ላፕቶፕ። ላፕቶፑ የድምፅ መግቢያ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ መቀበያ አለ። ገመዱ የራስዎ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። ለመቅዳት ኦዳሲቲ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ልጅዎ ከእርስዎ በፊት ታውቀው ይሆናል። ከመጀመርዎ በፊት የቴፑን ሄድ በጥጥና በአልኮል ይጥረጉት። ለዓመታት ያልተጫወተ ካሴት ደግሞ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አጠንጥነው ይመልሱት፤ ክሩ ተጣብቆ ከሆነ እንዳይበጠስ። ይህን ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም ነበር።

ከሁሉ የምወደው ይህኛው ነው፦ ካሴት አይቸኩልም። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይወስዳል። ፍላሽ ላይ እንደሚደረገው በአንዴ አይገለበጥም። 400ውንም ልገልብጥ ቢሉ 400 ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለት ቢያደርጉ አራት ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ እስከዚያ ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ስለዚህ ሃያ ይምረጡ። እና ልጅዎን "ይህን ገልብጪልኝ" ብለው አያዝዟት። "አብረን እንገልብጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ አንድ" ይበሏት። ያቺ ሰዓት ውስጥ ማውራት ግዴታ አይደለም። ካሴቱ ይዞራል፣ እናንተ አጠገቡ ትቀመጣላችሁ። አንዱ ዘፈን ላይ "ይሄን የቀዳሁት ለአንድ ሾፌር ነበር" ይሏታል። እሷ ደግሞ "አቁመው፣ አቁመው፣ ይቺን መልሳት" ትልዎት ይሆናል። መልሱላት።

በየሳምንቱ ደግሞ እሷ አንድ ታሰማዎት። የሷ ተራ ሲሆን አስተያየት ከመስጠትዎ በፊት ዘፈኑ እስኪያልቅ ይጠብቁ። ሁለት ጊዜ ይስሙት። የሮፍናንን ሥራዎች ልታሰማዎት ትችላለች፤ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ከአገራችን ዜማና መሣሪያ ጋር ያዋሃደ ልጅ ነው። ክራሩና ዋሽንቱ የት እንደገባ ለመፈለግ ይሞክሩ። የሚወዱት ሰው እጅ ይዞ ሲያስገባ አዲስ ቤት አይከብድም።

ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ። ከካሴት የተቆረጠ ክራር ቤት ውስጥ ለመለማመጃ ቢሆን ግድ የለም። ዘፈኑን ለሕዝብ ልልቀቀው ካለች ግን የደረደሩት ሰዎችና የወራሾቻቸው መብት አለበት፤ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ይህን ያለ ቁጣ ያስረዷት። እርስዎ የካሴት ንግዱን ስለሚያውቁ ለማስረዳት ከእርስዎ የተሻለ ሰው የለም። ምናልባትም ክራር የሚያስተምር ሰው ፈልገው ቢያገኙላት የራሷን ክራር ደርድራ ትቆርጠዋለች። ሲደረግ አይቻለሁ፤ ያን ሰዓት ልጆች ዓይናቸው ይበራል።

ባለቤትዎን ደግሞ አይርሷቸው። ካሴቱን ባልነኩበት ተቆጥተዋቸዋል። ያም ይቅርታ ይፈልጋል። ይህን ደብዳቤ ማታ ሲያነቡልዎት ሳያውቁት የእርስዎ መሆኑን ይደርሱበታል ብዬ እፈራለሁ። አስቀድመው ቢነግሯቸው ይሻላል።

አንድ ልመና አለኝ። ያቺ የክራር ነገር ሙሉ ዘፈን ሆና ስታልቅ፣ ልጅዎ ከፈቀደች፣ ስም ምን እንዳወጣችላት ይጻፉልኝ። እኔም ልሰማት እፈልጋለሁ።